ጋዝ ፈሳሽ ነው ያለችው ልጅ

ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ፣ ውሃና ፊኛ ይዤ ክፍል ስገባ ኖሬያለሁ። ድንጋዩ ጠጣር፣ ውሃው ፈሳሽ፣ ፊኛው ውስጥ ያለው ደግሞ ጋዝ። ሦስተኛ ክፍል፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት። ድንጋዩ እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ከእንጦጦ መንገድ ዳር ያነሳሁት ጥቁር ድንጋይ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ይኖራል። ፊኛው ብቻ በየዓመቱ ይቀየራል። አሁን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ባልደረቦቼ ለሽኝቴ ጉድ ጉድ እያሉ ነው፤ ንግግር አዘጋጅ ብለውኛል። እኔ ንግግር የት አውቅና! የማውቀው የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው፤ እሱን ደግሞ ኬክ እየተቆረሰ አያወሩትም።

ታዴዎስ እባላለሁ። ተማሪዎቼ ግን ከኋላዬ «ቲቸር ቁጭ በል» ነው የሚሉኝ፣ ያልሰማሁ መስሏቸው። አንዱ ካንሾካሾከ «ቁጭ በል!»፣ አንዷ እጇን አውጥታ ነገር ካስረዘመች «ቁጭ በይ!»፣ የቆመ ሰው ባይኖር እንኳ «ቁጭ በሉ!» እላለሁ። ያን ጊዜ በአንድ ክፍል ሰባ ሁለት ልጅ ነበር፤ ያለ ቁጣ እንዴት ይያዛል እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ቁጡ ነኝ፤ አለቀ።

ልጅቷ ሐመልማል ትባላለች። እኔ ክፍል የገባችው በ1998 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ቤቱ እየሳሳ ይሄድና ባሕር ዛፉ ይጀምራል። እናቷ ወይዘሮ በለጡ እንጦጦ ወጥታ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ የምታወርድ ሴት ነበረች። አባት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷም አብራት ትወጣለች፤ ሰኞ ክፍል ስትገባ ገመዱ የከረከረው ትከሻዋ ይታያል። ደብተሯ ሁሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ፊደሏ የተንጋደደ፣ ለመናገር ግን የማትፈራ ልጅ ነበረች።

ጥያቄዋ ደግሞ አያልቅም። አንድ ቀን «ቲቸር፣ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጨርሳል ይባላል፤ ታዲያ ሲቆረጥ የጠጣው ውሃ ለምን አይፈስም?» አለችኝ። «ቁጭ በይ!» አልኳት። መልሱን ስለማላውቀው ነበር።

ኅዳር ላይ የጠጣር፣ የፈሳሽና የጋዝ ትምህርት ደረሰ። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ቋ አደረግሁት፤ «ጠጣር!» አሉ። ውሃውን ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ ቀዳሁ፤ «ፈሳሽ!» አሉ። ፊኛውን ነፍቼ ለቀቅሁት፤ ጥርርር እያለ በጭንቅላታቸው ላይ ዞሮ መስኮት ሥር ወደቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ደስ ብሎኝ «ውስጡ የነበረው አየር ነው፤ አየር ጋዝ ነው። ጋዝ አይታይም፣ በእጅ አይጨበጥም፣ አይፈስም» አልኩ። ያቺን «አይፈስም» የምትለዋን ከራሴ ነው የጨመርኳት፤ መጽሐፉ ላይ የለችም።

ሐመልማል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጋዝ ግን ይፈሳል እኮ።»

«ምን?»

«ጋዝ ፈሳሽ ነው። ይታያል። እማዬ በጠርሙስ ነው የምታስቀምጠው። ትናንት ቀሚሴ ላይ ፈሶብኝ ገርፋኛለች።»

ልጆቹ ሳቁ። የሳቁት በመገረፏ ይሁን በእኔ ዛሬም አላውቅም። ያን ጊዜ ግን በእኔ የተሳቀ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

ልጅቷ ያለችው ነጭ ጋዝን ነበር። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር «ነጭ ጋዝ» ብሎ ሙሉ ስሙን የሚጠራው ማን ነበር? «ጋዝ አልቋል»፣ «ሮጥ ብለሽ ጋዝ ገዝተሽ ነይ» ነበር የሚባለው። ወጡ የሚሠራው በጋዝ ምድጃ፣ መብራት ሲጠፋ ኩራዙ የሚበራው በጋዝ። እኔም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ግን እኔ የቤቴን አማርኛ ክፍሉ በር ላይ ጥዬ ነው የምገባው፤ ጋዝ ሲባል የሚታየኝ የመጽሐፉ ጋዝ ብቻ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ሁለት አማርኛ እንዳለ ማን ነግሯት!

«ቁጭ በይ!» አልኳት።

«ግን ቲቸር...»

«ቁጭ በይ አልኩ!»

ቁጭ አለች። አንድ ነገር ካመነች ግን የምትተው ልጅ አልነበረችም፤ በማግስቱ ማስረጃዋን ይዛ መጣች። የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ከቤት ጋዝ ቀድታ፣ ክዳኑ ስለጠፋ አፉን በላስቲክ ወትፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከደብተሮቿ መሀል ከትታዋለች። ላስቲኩ የት ሊይዝ! ገና ስም ስጠራ ክፍሉ በጋዝ ሽታ ተሞላ። መጨረሻ ወንበር ላይ ያሉት ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ያዙ።

እስቲ አስቡት። ፈሳሹ ጠርሙሱ ውስጥ አለ፤ ጠርሙሱ ራሱ ጠጣር ነው፤ ያ መጨረሻ ወንበር ድረስ የደረሰው ሽታ ደግሞ ፈሳሹ ተንኖ ጋዝ ሆኖ ነው። ሦስቱም በአንዲት ልጅ ቦርሳ ውስጥ መጥተውልኝ ነበር። በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ እጄ አልገባም። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ጠርሙሱን ነጥቄ በመስኮት ወረወርኩት።

«ትምህርት ቤቱን ልታቃጥዪው ነው? ቀልደኛ!»

«ቲቸር፣ ላሳይዎት ብዬ ነው እኮ...»

«ውጪ! ወላጅ ሳታመጪ እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳላይሽ!»

«እማዬ እንጨት ትሄዳለች።»

«የራስሽ ጉዳይ ነው።»

የራሰ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት እራራ ነበር፤ አለማልቀሷን እንደ ድፍረት ቆጠርኩባት። ደግሞስ ያቺ የወረወርኳት ጋዝ የዚያን ዕለት እራት የሚሠራባት ትሁን አትሁን መች አሰብኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ወላጅ መጣ። ዘበኛችን ጋሽ ወልደ ኢየሱስ መምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆመው «መምህር፣ አንዲት ቅጠል ተሸካሚ ከልጇ ጋር ትፈልግዎታለች» አሉኝ። እኔ ከባልደረቦቼ ጋር የእሑዱን የኳስ ጨዋታ እያነሳን እየጣልን ነበር። ወሬው ጥሞኛል። ዞር እንኳ ሳልል «ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ትምጣ በሏት» አልኩ። ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ትንሽ ቆም ብለው «እንጨቱን ትታ ነው የመጣችው አሉ» አሉኝ። «ነገ ትምጣ» አልኩ ደግሜ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠብቀው ሄዱ።

ነገ አልመጡም። ከነገ ወዲያም አልመጡም። ወሩ ሲያልቅ ስም መጥሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አቋረጠች» ብዬ ጻፍኩ። አዎ፣ «አቋረጠች»፤ እሷ እንዳደረገችው።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤቴ ባዶ ጠርሙስ አስጨበጠችኝና «ታዴ፣ ጋዝ አልቆብኛል፤ ሙዘይን ሱቅ ሄደህ አስቀዳልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። ሙዘይን የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ። ከበርሜሉ በጣሳ እየጨለፈ ወደ ጠርሙሴ ሲያንቆረቁር እኔ የጠርሙሱን አንገት ይዤ ቆሜያለሁ።

«መምህር፣ ጠበቅ አድርገው ይያዙት እንጂ» አለኝ። «ጋዙ እንዳይፈስብዎት።»

ጠርሙሱ እጄ ላይ ዘመመ።

«ምን አልክ?»

«ጋዙ እንዳይፈስ ነው ያልኩት። ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

ደህና አልነበርኩም። እጄ ላይ ፈሶ እየቀዘቀዘኝ ቆሜ ቀረሁ። ያቺ ልጅ ልክ ነበረች። መጽሐፉም ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ከሁለቱ መሀል ቆሜ «ስሙ አንድ ነው እንጂ ነገሩ ሁለት ነው» ማለት ሲገባኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀለደችብኝ ብዬ አባረርኳት። ለዚች ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው እኮ መንግሥት መምህር ብሎ የቀጠረኝ!

እንግዲህ ሰው ስሕተቱን ካወቀ ያርመዋል አይደል? ሰኞ ክፍል ገብቼ «ሐመልማል ልክ ነበረች» ብል ምን ነበረበት? አላልኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ወደ እንጦጦ ወጣሁ፤ ሴቶቹ ሸክማቸውን ደገፍ አድርገው የሚያርፉበት መታጠፊያ አለ፣ እዚያ ቆሜ ጠየቅሁ። እታገኝ የምትባል ሴትዮ ጎንበስ እንዳለች ቀና ሳትል «በለጡ? ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ላምበረት ወርደዋል። ብር አበድረዋት ነው እንዴ የሚፈልጓት?» አለችኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ወረድኩ።

ከየካ ሚካኤል ላምበረት እኮ ሩቅ አገር አይደለም! በታክሲ አንድ መንገድ ነው። አልሄድኩም። ዛሬ ጉልበቴን አመመኝ፣ ነገ ፈተና አለ፣ ከነገ ወዲያ ክረምት ገባ እያልኩ ዓመቱ አለቀ። ከዚያ ደግሞ ዓመቱ በዛና አፈርኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ዘወትር የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ሳልሞት አንድ ቀን አግኝቻት «ልክ ነበርሽ» ልላት።

ያደረግሁት ነገር ቢኖር ትምህርቱን መቀየር ብቻ ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ በድንጋዩ፣ በውሃውና በፊኛው ላይ አራተኛ ዕቃ ጨመርኩ፤ በደንብ የተከደነ ትንሽ ጠርሙስ ነጭ ጋዝ። «ይህም ጋዝ ይባላል፣ ያም ጋዝ ይባላል፤ ስማቸው አንድ ነው፣ እነሱ ግን ሁለት ናቸው» እላለሁ። ለምን እንደጀመርኩት ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። እያደር ደግሞ ነጭ ጋዙ ከየቤቱ ጠፋ። የዘንድሮ ልጆች ጠርሙሱን ሳነሳ «ውሃ!»፣ «ለስላሳ!» ይሉኛል። ለሚያስፈልጋት ልጅ ሳልነግራት ቀርቼ ለማያውቁት ሳስረዳ ከረምኩ።

ባለፈው ኅዳር እንደ ልማዴ ጠርሙሱን አነሳሁ። «ውሃ!» አሉ። «ውሃ አይደለም» አልኩ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ ፌበን ትባላለች፤ ዘንድሮ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ጋዝ ነው» አለች። «እማዬ ሻይ የምታፈላበት።»

ደስ አለኝ። ስንት ዓመቴ ይህን መልስ ከሰማሁ! «ጎበዝ! ታዲያ ጠጣር ነው ፈሳሽ?»

ጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ አየች፣ እኔን አየች።

«ይፈሳል» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ግን ፈሳሽ ነው አይባልም።»

«ለምን አይባልም?»

«እማዬ እንደዛ እንዳልል ነግራኛለች። እሷ ልጅ ሆና እንደዛ ብላ ከትምህርት ቤት ተባራለች።»

ክፍሉ ውስጥ የሚንጫጫው ሁሉ ከጆሮዬ ራቀ። የእናቷን ስም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ግን ጠየቅኋት። «ሐመልማል» አለች። ጠርሙሱን አስቀመጥኩና ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ደወል ሲደወል ፌበንን ጠርቼ «ነገ እናትሽን ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት። ልቤ በደስታም በፍርሃትም ይመታ ስለነበር ምን እንዳልኩ ልብ አላልኩም። ለካ ያንኑ ቃል ነው የደገምኩት! «ወላጅ አምጪ» ማለት እኮ ነው። ያ ቃል እዚያ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያልገባው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ቆማለች። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ለመንገደኛ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው። አወቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ ጀመረች።

«ቲቸር፣ ልጄ ምን አጠፋች? ሥራዬን ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ቀርቼ እንዳይሆን ብዬ። ጋዝ ጋዝ አትበዪ ብዬ ስንት ጊዜ መክሬያታለሁ! ሁለተኛ አትናገርም። ዝም ብላ ቁጭ ትላለች። ብቻ እባክዎ አያባርሩብኝ።»

አፈር ልብላ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃት ስል የኖርኩትን ሴት፣ እኔው ጠርቼ አስለመንኳት።

ክፍል አስገባኋትና ወንበር ሳብኩላት። «ቁጭ በይ» አልኳት፤ ለማክበር ነበር።

«ቆሜ ይሻለኛል» አለች።

ነገርኳት። ልክ እንደነበረች፣ ሁለት ጋዝ እንዳለ፣ ሙዘይን ሱቅ የሆነውን፣ እንጦጦ ወጥቼ መጠየቄን፣ ላምበረት አለመውረዴን፣ ሁሉንም። የኳሱን ወሬ እንኳ አልደበቅኋትም። ስትሰማኝ ቆይታ ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«እኔ ስብሰባ ላይ የነበሩ ነው የመሰለኝ» አለች።

«አልነበርኩም።»

«እማዬ ያን ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ፣ መምህርሽን ምን ብለሽ ብትሰድቢው ነው ፊቱን እንኳ የከለከለን አለችኝ። ማልኩላት። አላመነችኝም። የተማረ ሰው ያለ ነገር እንዲህ አይቆጣም አለች። ከዚያማ ትምህርቱን ተይው፣ አብረሽኝ ውጪ አለችኝ፤ ወጣሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እስክትሞትም እንደዛው ስታምን ኖረች። ሦስት ዓመት ሆናት። ለእኔስ አሁን ነገሩኝ ቲቸር፤ ለእሷ ማን ይንገርልኝ?»

ወይዘሮ በለጡ በሕይወት የነበረችባቸውን አስራ ስድስት ዓመታት ነው የማስበው፤ አስራ ስድስት ዓመት፣ አንድ የታክሲ መንገድ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እንቢ አልለየሁትም።

«እኔን ተዉኝ» አለች። «ለልጄ ይንገሯት። እናትሽ ልክ ነበረች ይበሏት። ልጆቹ እየሰሙ።»

ልጆቹ ገቡ። እሷ በሩን ተደግፋ ቆመች። ድንጋዩን አላወጣሁም፣ ፊኛም አልነፋሁም፤ ጠርሙሱን ብቻ ያዝኩ። ድሮ እዚህ ክፍል ውስጥ አንዲት ጎበዝ ልጅ እንደነበረች፣ «ጋዝ ፈሳሽ ነው» እንዳለች፣ ይህ ጋዝ እውነትም ፈሳሽ እንደሆነ፣ መምህሯ ግን ሳይሰማ እንዳባረራት ነገርኳቸው። «ልጅቷ ልክ ነበረች። የተሳሳተው መምህሩ ነው። መምህሩ እኔ ነኝ። ልጅቷ የፌበን እናት ናት» አልኩ።

ሁሉም ዞረው ሐመልማልን አዩ። ፌበን ቀስ ብላ ተነሣች፤ እጇንም አላወጣችም።

«ቲቸር፣ ልክ ከነበረች ለምን አባረሯት?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ አፌ ላይ ዱብ ያለው ያው የኖረበት ቃል ነበር። «ቁጭ በይ» ልል ነበር። ዋጥኩት። ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ የለኝም። ፌበን መልሴን እየጠበቀች ቆማለች፤ እናቷም በሩ ላይ ቆማለች።